ኅዳር ወይስ የካቲት? ጣናና አባይ ዳር በዘንግ ለሚያጠምድ ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ ዘንግ ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ የለም። ስለዚህ ሊጠይቁኝ የሚመጡ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «መቼ ልምጣ?» ይሉኛል። የወር ስም እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። «የትኛው ውሃ ላይ?»

ጣና ዳር ስንል ሦስት ውሃ አለን። አንደኛው ሐይቁ ራሱ ነው። ሁለተኛው ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎቹ። ሦስተኛው ከሐይቁ ወጥቶ ከተማውን አቋርጦ ወደ ጢስ አባይ የሚወርደው አባይ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ዓይነት ጸባይ የላቸውም። አንዱ ሲጠራ ሌላው ገና ድፍርስ ነው። አንዱ መጉደል ሲጀምር ሌላው ገና እየሞላ ነው። ወሩን ብቻ አስቦ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ በፍላይ ማጥመድ ለሚፈልጉ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ በላባ፣ በጸጉርና በክር የሚሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ወይም ትንሽ አሳ ነው። ራሱ ክብደት የለውም። የሚወረወረው በወፍራሙ ክር ክብደት ነው። ሽታም የለውም። ትል ሰክቶ የሚያጠምድ ሰው በድፍርስ ውሃም ዕድሉን ይሞክራል፤ አምባዛ ሽታውን ተከትሎ ይመጣለታል። በፍላይ ግን አሳው ካላየ አይመጣም። ስለዚህ ወቅቶቹን የማወዳድረው በሙቀትና በብርድ አይደለም። ውሃው መቼና የት ይጠራል በሚለው ነው።

ለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ከትንሽ ድንጋይ ጋር በክር አስሬ ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ መጀመሪያ እሷን ወደ ውሃው አወርዳለሁ። አንድ ክንድ ጠልቃ ከታየችኝ ዘንጌን እገጣጥማለሁ። ከአንድ ስንዝር በታች ከጠፋችብኝ ፍላዩን አላወጣም። በሁለቱ መሀል ከሆነች ጥቁርና ተለቅ ያለ ፍላይ እሞክራለሁ። ይህች ክዳን ከማንኛውም የወር ስም ይልቅ ብዙ የባከነ ቀን አትርፋልኛለች።

ምን ልትይዙ ነው የምትመጡት?

ወቅት ከመምረጣችሁ በፊት አሳውን ምረጡ። ጣና ውስጥ በዘንግ የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ አሳ። ቤሶም አለ፤ ግን ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሽበት እየፋቀ የሚኖር ስለሆነ መንጠቆ ላይ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ቆሮሶ ምግብ ቤት ውስጥ ሙሉውን ተጠብሶ የሚቀርብላችሁ አሳ ነው። በአብዛኛው የሚበላው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮችን ነው። በፍላይ ማግኘቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሊጥና በትል ግን ልጅም ይይዘዋል። አምባዛ የማታ አሳ ነው፤ ድፍርስም ጭቃም አይበግረውም።

ፍላይ ለያዘ ሰው ዋናው ነጭ አሳ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ምን እንደያዝን ብዙዎቻችን አናውቅም። በአንድ ስም ነጭ አሳ የምንለው በእውነቱ 15 ያህል ዝርያ ነው። ከጥቂቱ በስተቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። ጢስ አባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን አሳ ዘግቶበታል። ከላይ የቀሩት ነጭ አሳዎች ለብቻቸው ሐይቁን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ በሚበላው ምግብ ልክ አፉና አካሉ ተለወጠ። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ አንዱ የነፍሳት ዕጭ ይለቅማል፣ 8 ያህሉ ደግሞ ሌላ አሳ ያድናሉ። ከነጭ አሳ ወገን የሆነ፣ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዛ የዝርያዎች ቤተሰብ ቀድሞ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅም ነበረ። እዚያ ያለው ጠፍቷል። የእኛው ነው የቀረው።

ለማጥመዱ ይህ ምን ይጠቅማል? ብዙ። ዕጭ የሚለቅሙት ታች አጠገብ በዝግታ የምትሄድ ትንሽ ቡናማ ፍላይ ይወስዳሉ። አዳኞቹ ደግሞ ትንሽ አሳ የምትመስል፣ ብር የምታበራ፣ ፈጠን ብላ የምትጎተት ይፈልጋሉ። ሁሉም ከንፈራቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የብረት ክር መግዛት አያስፈልግም። ቀጭን ናይሎን ይበቃል።

ክረምት፦ ወንዞቹን ተዉአቸው

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ጓጉቼ ወደ ጉማራ ወጣሁ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ድልድዩ ጋ ስደርስ ወንዙ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ዳር ላይ ያገኘኋቸው አንድ ገበሬ ዘንጌን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ውሃ መቼ ጠርቶ ነው አሳው የሚያይልህ? ከመስቀል ወዲያ ና» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። እስከ ቀትር ወረወርኩ። አንድም ነገር አልነካኝም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰኔና ሐምሌ መሬቱ ታርሶ፣ ለዘር ተዘጋጅቶ፣ ገና ሳይሸፈን ዝናቡ ይወርድበታል። የጉማራና የርብ ተፋሰስ አፈር ያኔ ነው ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና የሚሄደው። ክዳኔን እንኳ ሳታወርዷት ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ውሃው ቢጠራም ኖሮ በክረምት ወንዝ ላይ አላጠምድም ነበር። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ አሳ የሚራባበት ጊዜ ነው። ከዝርያዎቹ ገሚሱ ያህል ከሐይቁ ተነስተው ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ያለበት ንጹሕና ፈጣን ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በአንድ ቦታ ያን ያህል አሳ በሌላ ወር አታገኙም። ለዚህም ነው መረቡ ሁሉ እዚያ የሚዘረጋው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተያዘው ነጭ አሳ መጠን በ75 ከመቶ ወርዷል።

አንድ ጊዜ በጳጉሜን ገበያ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ አሳ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሆዷን ስከፍተው እንቁላል ብቻ ነው። ሁለት እፍኝ ይሆናል። ያን ቀን ነው በክረምት ወንዝ ዳር ላለመቆም የወሰንኩት። መረብ የጣለው ሰው ልጆቹን ሊያበላ ነው፤ እሱን ለመውቀስ አልቸኩልም። እኔ ግን ለደስታዬ ነው የምወጣው። ለደስታ የሚወጣ ሰው ሦስት ወር መታገሥ አያቅተውም።

በክረምት የግድ መወርወር ያማረው ሰው ሐይቁ አለለት። በከተማው በኩል ድንጋይ ያለበት ዳርቻ ላይ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ጠዋት፣ ቆሮሶ በሊጥ ይገኛል። ቆሮሶም በክረምት ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድጋቸው። አፏ ሞልቶ ከመጣች ቶሎ መልሷት። አንድ ሁለት ለምሳ ይበቃል።

መጸው፦ ሁሉም የሚስማማበት ጊዜ

ብትጠይቁኝ የእኔ ምርጫ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ነው። ከዚያም ውስጥ ኅዳር። ኅዳር ሚካኤል አካባቢ ጉማራ ዳር ቆሞ ያላየ ሰው ወንዙን አየሁ ማለት የለበትም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ እየታጨደ ነው። ጠዋት ከውሃው ላይ ጉም ይነሳል። ክዳኗ ሁለት ክንድ ጠልቃም ትታያለች።

እዚህ ላይ ግን ወንዞቹን ለዩአቸው። ገባሮቹ ዝናቡ እንዳቆመ ቶሎ ይጎድላሉ፣ ቶሎ ይጠራሉ። ጉማራ፣ ግልገል አባይና ርብ የሚሞሉት በነሐሴ ነው። አባይ ከተማው ላይ ደግሞ ዘግይቶ በመስከረም ነው የሚሞላው። ጣና ትልቅ ጋን ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። የገባው ውሃ ሁሉ በአንዴ አይወጣም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ጉማራ ተረጋግቶ ሳለ አባይ ገና ጉልበቱ አለ፤ ድንጋዮቹን ሸፍኖ ነው የሚሄደው። በጥቅምት መጨረሻ የሚመጣ ሰው ወደ ገባሮቹ የላይኛው ክፍል ይሂድ። አባይን ለታኅሣሥ ያቆየው።

ከገባሮቹ የትኛው? እኔ ጉማራን ከግልገል አባይ አስቀድማለሁ፤ ግን ይህ የእኔ ጸባይ ነው። ጉማራ ጠበብ ያለ ነው፤ አንድ ሰው ውርወራው ይደርስበታል። ከድልድዩ ሽቅብ፣ በዋንዛዬ ፍል ውሃ በኩል፣ ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንኮራኮረ ወርዶ ጥላ ሥር የሚተኛባቸው ቦታዎች አሉት። አሳው የሚቆመው ፈጣኑ ውሃ ከተኛው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። ፍላዩን ከላይ ጣሉት፣ ወንዙ ራሱ ይውሰደው። ክሩ ትንሽ ቆም ካለ ዘንጉን ቀና አድርጉ።

ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ምንጭ የሚነሳው ነው። ወደ ጣና ከሚገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። በወተት አባይ በኩል ስታገኙት ሰፋ ብሎ፣ ከብዶ ነው የሚሄደው። ረጅም ውርወራ የለመደ ሰው ይወደዋል። ለጀማሪ አልመክረውም። ከዳር አምስት እርምጃ ላይ የሚቆመው አሳ እያለ ሩቅ መሀሉን ሲያይ ይውላል። ርብ ደግሞ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ በጭቃ ዳርና በአሸዋ መሀል ነው የሚሄደው። በፍላይ ብዙም አልተሳካልኝም።

በመጸው የምታገኙት ነጭ አሳ ግዙፍ አይደለም። ትልልቆቹ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ተመልሰዋል። ወንዝ ውስጥ የሚቀሩት ወጣቶቹና ዓመቱን ሙሉ ወንዝ የሚኖሩት ናቸው። ብዙ ጊዜ ከስንዝር ተኩል እስከ ክንድ ነው የምይዘው። በቀጭን ዘንግ ግን ክንድ የምታህል ነጭ አሳ ፈጣን ውሃ ውስጥ ገብታ ስትጎትት እጃችሁን ታንቀጠቅጠዋለች። ለእኔ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገኝም።

የመጸው ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ወባ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በዚህ አካባቢ የሚበረታበት ወቅት ነው። አጎበር ሳትይዙ ወንዝ ዳር ከተማ ውስጥ አትደሩ። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ ክረምቱ ሲያልፍ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በጣም ይስፋፋል። በደምቢያና በፎገራ በኩል ከሐይቁ ዳር መወርወር ያሰበ ሰው አረንጓዴ ምንጣፍ ነው የሚያገኘው። የባሕር ዳር በኩል በአብዛኛው ይሻላል።

በጋ፦ የአባይ ተራ

ከጥምቀት በኋላ ሚዛኑ ይገለበጣል። ገባሮቹ ይደክማሉ። ፎገራ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማጠጣት የውሃ ሞተር ወንዙ ዳር ይደረደራል። ጉማራና ርብ በየካቲትና በመጋቢት ቦታ ቦታ ላይ ኩሬ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። እዚያ የተያዘ አሳ ማምለጫ የለውም። ማጥመዱ ቀላል ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ አይለኝም፤ አልሄድበትምም።

አባይ ግን በጋ ላይ ያምራል። ከተማው መውጫ ላይ የጨረጨራ ማገጃ አለ፤ በ1988 ዓ.ም. ነው የተሠራው። ከዚያ ወዲህ አባይ በዝናብ ብቻ አይደለም የሚታዘዘው፤ በር ተከፍቶለትና ተዘግቶበት ነው የሚሄደው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ብዙው አሁን በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። ጢስ አባይ በበጋ የሚሳሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣ ሰው በዚህ ያዝናል። በእግሩ ለሚያጠምድ ሰው ግን ወንዙ የሚገባበትና የሚወጣበት ይሆናል። ከከተማው በታች አባይ በጥቁር ድንጋይና በትናንሽ ደሴት ተከፋፍሎ በብዙ ቅርንጫፍ ይወርዳል። አንዱ ቅርንጫፍ እንደ ጉማራ ጠባብ ነው።

የውሃውም ጥራት ከሞላ ጎደል የተረጋጋ ነው። ጭቃው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ ራሱ መቼም እንደ ብርጭቆ አይጠራም፤ ጥልቅ ስላልሆነ፣ የሚበዛው ቦታ ከ8 ሜትር አካባቢ አያልፍም፣ ነፋሱ ታቹን ያነሳዋል። ግን አንድ ክንድ አይጠፋም። አዳኝ ነጭ አሳ የምፈልገው ያኔ ነው። በር ሲከፈት ውሃው በድንገት ሊጨምር ስለሚችል ግን መሀል ድንጋይ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መመለሻችሁን እዩ። ድንጋይ ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቱን ውሃ ከሸፈነው ውጡ።

በዚህ ወቅት ሁዳዴ ይገባል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። ገበያው ግን ይደምቃል፣ መረቡም ይበዛል። ሐይቁ ዳር በተለይ የታንኳና የጀልባ እንቅስቃሴ ይጨምራል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ወይ ከጾሙ በፊት ይምጣ፣ ወይ ከከተማው ራቅ ይበል።

ጀልባ ለመከራየት ካሰባችሁ ደግሞ በጋና መጸው ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሰዓቱን ብቻ ጠብቁ። ጣና ጠዋት ይተኛል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ መወርወር ትችላላችሁ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ክሩም ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። በደንገል ታንኳ ከአንድ የነገደ ወይጦ (የጣና ዳር ታንኳ ሠሪ ማኅበረሰብ) አባት ጋር ወጥቼ አውቃለሁ። እሳቸው ተቀምጠው በአንድ ቀዘፋ የሚያደርሱት ቦታ የትኛውም ሞተር አይደርስበትም፤ ደንገሉ ሥር ድረስ ያስጠጋችኋል። ቆሞ መወርወር ግን አይታሰብም። ተቀምጣችሁ አጭር ውርወራ ከበቃችሁ ታንኳን ምረጡ። ካልሆነ ጀልባ።

ጸደይ

ሚያዝያና ግንቦት ላይ የምለው ጥቂት ነው። ሙቀቱ ይበረታል። ጣና በዓመቱ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል፤ ዳርቻው ወደ ኋላ ሸሽቶ ጭቃ ያወጣል። ነጭ አሳ ጥልቁን ይመርጣል። አንድ ጥሩ ነገር ቢኖር አምባዛ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወደ ዳር ይወጣል። ጥቁር፣ ተለቅ ያለች፣ ጸጉር የበዛባት ፍላይ በዝግታ ብትጎተት ይውጣታል። ጠንካራ ዘንግ ያስፈልጋል።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን የሚመጣ ሰው በኅዳር ይምጣ። አንዱን ቀን ጉማራ፣ አንዱን ጠዋት ሐይቁ ላይ በጀልባ። ኅዳር ካልሞላለት ጥር መጨረሻ ይሁን፤ ያኔ ጉማራን ትቶ ሁለቱንም ቀን አባይ ላይ ያድርገው።

ከልጆች ጋር ለምትመጡ ፍላዩን እርሱት። በጋ ላይ፣ ጠዋት፣ የሐይቁ ዳር፣ ሊጥና ትንሽ መንጠቆ። ልጅ አሳ ካልነካው በግማሽ ሰዓት ይሰለቻል። ቆሮሶ ያንን ጊዜ አይወስድም።

እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው ምርጫ አያስፈልገውም፤ ውሃውን እየተከተለ ይሂድ። የጥቅምት መጨረሻ የላይኛው ጉማራ፣ ታኅሣሥ ግልገል አባይ፣ ከጥር እስከ መጋቢት አባይ፣ ግንቦት አምባዛ። ከሐምሌ ጀምሮ ዘንጉን ጠርጎ ይስቀል፣ ፍላይ እየሠራ ይቀመጥ።

«ባሌ ሄጄ ትራውት ብይዝስ?» የሚሉኝም አሉ። ዌብ ወንዝ በዲንሾ በኩል ቆንጆ ነው፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ትራውቱም ፍላይ ይወዳል። በፍላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳ መያዝ ብቻ ለሚፈልግ ባሌ ይቀልለዋል። ትራውት ግን ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ አሳ ነው፤ በብዙ አገር ይገኛል። የጣናን ነጭ አሳ ግን ጣና ብቻ ነው የምታገኙት። እኔ ለዚህ ስል ኅዳርን እጠብቃለሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ጉማሬ ቀልድ አይደለም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ በደብረ ማርያምና በቤዛዊት በኩል አለ። አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ይመለሳል። መንገዱ ላይ ከቆማችሁበት አይዞርላችሁም። ደንገሉ ውስጥ የተረገጠ ሰፊ መተላለፊያ ካያችሁ እዚያ አትቁሙ። አሳ የሚነክሰው ማለዳና ማታ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ፀሐይ ወጥታ ዙሪያችሁ ሲታያችሁ ጀምሩ።

ቢልሃርዚያ አለ። በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ በተለይ ውሃው የተኛበትና ሣር የበዛበት ቦታ። እስከ ጭን የሚደርስ ቡት ያዙ። ከሌላችሁ ከዳር ወርውሩ።

ቀበሌውን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ጠይቁ። የአሳ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 315/1995 ነው። መንገዱም ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ሳትጠይቁ ከከተማ አትውጡ። ገበሬው ማሳ አጠገብ ስትደርሱ ሰላምታ ስጡ፣ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩ። ብዙ ጊዜ አሳው ያለበትን የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ዕቃውን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ተራ መንጠቆና ናይሎን ብቻ ነው። ለወንዝ 9 ጫማ የሆነ፣ ቁጥር 5 ወይም 6 ዘንግ ይበቃል (ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉም ክሩም ይከብዳል)። ለአባይና ለአምባዛ ቁጥር 8። የሚንሳፈፍ ክር አንድ ይዛችሁ ብትመጡ ሁሉም ቦታ ይሠራል። መንጠቆ ከቁጥር 8 እስከ 14።

ላባውን ግን ከውጭ አትግዙ። የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ የሚያህል የለም። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እግር ይመስላል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሲታረድ ሠፈር ውስጥ እየዞርኩ ላባ እለምናለሁ። እናቶች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ በፌስታል ያስቀምጡልኛል። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በመስከረም ዝናብ ሳለ ፍላዬን እሠራለሁ። ወንዙ እስኪጠራ ጊዜ አለኝ።

የመንጠቆዋን ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ሹል በፒንሳ ደፍጥጧት። አሳው በቀላሉ ይለቀቃል፤ ልብሳችሁም ላይ ከተሰካች በቀላሉ ትወጣለች። ቆሮሶና አምባዛ ለምሳ ብትወስዱ ችግር የለውም። ነጭ አሳ ስትይዙ ግን እጃችሁን አርጥቡ፣ ከውሃው ብዙ አታውጡት፣ አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ያዙት። ጅራቱ ጉልበት ሲያገኝ ራሱ ይሄዳል።